ሄርቢሳይድና ፈንጊሳይድ፦ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ባሶና ወራና

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እማማስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመርጫው ጊዜ ሳይደርስ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ፤ ልጆቹ ጠርሙሶቹን ይዘው ያንብቡልዎ።

ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት ሄርቢሳይድና ፈንጊሳይድ መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ ይምታታሉ። ሄርቢሳይድ አረም ያጠፋል። ፈንጊሳይድ ቸኮሌት ስፖት የሚሉትን የባቄላውን ቡናማ ነጠብጣብና የስንዴውን ዋግ የመሰለ በሽታ ይከላከላል። የመጀመሪያው መነሻ ፊደል ሁለት ቋሚ ሆኖ መሀሉን አንድ አግድም ያያይዘዋል፤ የሁለተኛው አንድ ቋሚ ነው፣ ከአናቱና ከወገቡ ወደ ቀኝ ሁለት አግድም ይወጣለታል። የወረቀቱን ቀለም አይመኑ። ከታች ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ለሰው ምን ያህል መርዝ እንደሆነ እንጂ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ አይናገርም።

ከሁሉ የምፈራው ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለውን ሄርቢሳይድ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ስለሚገድል ለስንዴና ለገብስ ይሆናል፤ ባቄላ፣ አተርና ምስር ግን እነሱም ሰፊ ቅጠል ናቸው። ለሄክታር አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ነው፤ ለሩብ ሄክታር 250 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር። ጠርሙሱ ሌላ ካለ የጠርሙሱን ይከተሉ። ስንዴው አቆጥቁጦ አገዳ ሳይስብ፣ ጤዛው እንደተነሳ ይረጩ። ነፋሱ ወደ ባቄላው ከሆነ ግን እባክዎ ያሳድሩት።

ባቄላውን ከነካው ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይኮራመታል፤ ሰውም ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታ ነው ይላል። ቆርምድ ቅጠሉ ላይ እባጭ ያወጣል። የቱፎርዲ ጉዳት እባጭ የለውም፤ ነፋስ ያመጣው ከሆነ ከስንዴው ድንበር ይብስና ወደ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ላይ ፈንጊሳይድ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው።

ማንኮዜብ የሚባለው ፈንጊሳይድም ቢሆን የሚከላከል እንጂ የገባውን በሽታ የሚያድን አይደለም። ቡናማው ነጠብጣብ ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሲታይ ይረጩት፤ ወዲያው ዝናብ ከመጣ ያጥበዋል።

ሌላው አደጋ መርጫው ራሱ ነው። ቱፎርዲ በቱቦውና በአፍንጫው ውስጥ ስለሚቀር አንድ ጊዜ ማለቅለቅ አይበቃም። ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፣ በኦሞ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት በአፍንጫው አስወጥተው እንደገና ያለቅልቁ። እጣቢው ከምንጭና ከከብት ይራቅ። እንዲያም ሆኖ ልቤ አያርፍም፤ ለባቄላው ብቻ የሚሆን ሌላ መርጫ ከደብረ ብርሃን እልክልዎታለሁ። የአረሙን መርጫ ማሰሪያ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት።

ልጅዎ