ቀዝቃዛ ምድጃ፦ ለቅርስ ባቡሩ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያው መልስ አላገኘም። ለሁለተኛው «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባልኩ። ለሦስተኛው ደግሞ «ገንዘብዎ እንዲመለስ የተጓዙበትን ትኬት ያቅርቡ» የሚል መጣልኝ። ትኬቱን እኮ መውጫው በር ላይ የራስዎ ሠራተኛ ተቀብሎኛል! ከየት ላምጣው? እንግዲህ ይህኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ገንዘቡ ይቅር። የማወራው ስለ አባቴ ነው።

አባቴ በወጣትነታቸው የእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። ከሰል በአካፋ እየዛቁ ነው ያሳደጉን። «የአንድ ቀን ጉዞ በእውነተኛ የእንፋሎት ባቡር» የሚለውን ማስታወቂያችሁን እንዳየሁ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ከጉዞው በፊት በነበረው ሌሊት አባባ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። «ይሄኔ እሳቱን ለኩሰውታል» ይላሉ በየሰዓቱ። እውነታቸውን ነው። የቀዘቀዘ ቦይለር፣ ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት የብረት ጋን፣ ጥድፊያ አይወድም። ብረቱ እኩል ካልሞቀ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቀስ እያሉ ለሰዓታት ያሞቁታል።

ጠዋት ደረስን። ሎኮሞቲቩ፣ የባቡሩ ጎታች ማለቴ ነው፣ ጥቁር ቀለሙ እያብለጨለጨ፣ ናሱ ተወልውሎ ቆሟል። ከጭስ ማውጫውም ጭስ ይወጣል። ከፊቱ ግን አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተቀጥሏል። «ለማገዝ ነው» አለን ተቆጣጣሪው። ተሳፈርን።

ብዙም ሳንርቅ የአባባ ፊት ተለወጠ። «አይተነፍስም» አሉ። የእንፋሎት ባቡር ሲጎትት፣ ጎማውን በሚያንቀሳቅሰው ሲሊንደር ውስጥ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው እየተተኮሰ ይወጣል። ልጆች ሆነን በአፋችን የምንኮርጀው «ቹፍ ቹፍ» እሱ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ጎማው አንዴ ሲዞር 4 ጊዜ ይተነፍሳል። አባባ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ሊቆጥሩ ሞከሩ። የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ የናፍጣው ጉርምርምታ ብቻ። ቆየት ብሎ ተፏጨ። «ይሄም በአየር ነው» አሉ። «በእንፋሎት ቢሆን ድምፁ ቀጠን ይል ነበር።»

መጀመሪያው ፌርማታ ላይ ወርደው፣ ነጂውን አስፈቅደው የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ ላይ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። የግፊት መለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። አባባ መዳፋቸውን የምድጃው በር ላይ አሳረፉ። ደንግጬ «ይቃጠላሉ!» ስል እጃቸውን ሳያነሱ ዞረው አዩኝ። በሩ ቀዝቃዛ ነበር። ያ ሁሉ ጭስ ደግሞ ከፊት በኩል በቆርቆሮ ውስጥ የሚጤስ ዘይት የነካው ጨርቅ ነው። ወጣቱ ነጂ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እሱ ምን ያድርግ?

በመልስ ጉዞ አባባ አንዴም በመስኮት አልተመለከቱም።

ክቡር ኃላፊ፣ ደንቡን ለእርስዎ ማስተማር የእኔ ሥራ አይደለም። በትኬቱ ጀርባ ያሳተሙት እርስዎ ነዎት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ በሌላ ከተተካ ተሳፋሪው ከመነሳቱ በፊት ይነገረዋል፤ ካልፈለገ ገንዘቡ ይመለስለታል ይላል። (ትኬቱ ሳይወሰድብኝ በፊት አንብቤዋለሁ።) ናፍጣ መተካቱ በራሱ ነውር የለውም። በደረቅ ወቅት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ብልጭታ ሣር ስለሚያቃጥል ብዙ የቅርስ ባቡሮች በናፍጣ ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘንብ ነው የዋለው። ቦይለሩ ተበላሽቶ ከሆነም «ተበላሽቷል» ማለት ምን ይከብዳል? ጨርቅ ማጤሱ ነው የባሰው። ጨርቁን የለኮሰ ሰው እውነቱን ያውቃል።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበው የህንዱ የዳርጂሊንግ ተራራ ባቡርም ሁለቱንም ያሠራል። ነገር ግን የእንፋሎቱና የናፍጣው ትኬት ለየብቻ ይሸጣል፣ ዋጋውም ይለያያል። ሰው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

አባባ እንኳ ቂም አልያዙም። «የቦይለሩን ቱቦዎች ቢያዩለት ይነሳ ነበር» ይላሉ፤ ለብረቱ ነው ያዘኑት። እኔ ግን ይዣለሁ። ትኬት መሸጫው መስኮት አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ አይቼዋለሁ፣ ባዶ ነው። «ዛሬ የሚጎትተው ናፍጣ ነው» ብለው ይጻፉበት። ጠመኔ ካጣችሁ እኔ አመጣለሁ፤ ደረሰኝም አልጠይቅም።