ለልጄ፦ «ብቻሽን?» ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልገላገለው።

ይህን የምጽፍልሽ ብቻዬን አገር በምዞርባት፣ መኝታና ማብሰያ ባላት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ታጣፊዋን ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ፣ የጎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እግሬ ደረጃው ላይ ነው። በስልክ ብናወራው እንደ ባለፈው አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ሁለታችንም ያላሰብነውን ተናግረን እንዘጋዋለን። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም።

ይቅርታውን ላስቀድም። ማክሰኞ ማታ ድምፄን አጥፍቼ ማደሬ ጥፋት ነው። ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ መሸብኝና እዚያው አደርኩ። እኔ ጥግብ ብዬ ተኝቼ ጠዋት ኮረብታው ጫፍ ላይ ስወጣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ፤ 23 ጊዜ ደውለሻል። አፈርኩ። ጥፋቴ ኔትወርክ ማጣቴ አይደለም፤ ላጣ እንደምችል ቀድሜ አለመንገሬ ነው። ከእንግዲህ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት በየት በኩል እንደምሄድና የት ለማደር እንዳሰብኩ እጽፍልሻለሁ። ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ «ደርሻለሁ» እልሻለሁ። ካላልኩ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ታገሺኝ፤ ከዚያ ካለፈ ለፖሊስ ደውዪ። የሰሌዳ ቁጥሩና የመኪናዋ ፎቶ ወንድምሽ ጋ አለ። ያ የቆምኩበትንና የሄድኩበትን እየተከታተለ የሚያሳይሽን የስልክ ነገር ግን አልከፍተውም። ሽንት ቤት በቆምኩ ቁጥር «ምን ሆንሽ?» ልትዪኝ ነው፣ አውቅሻለሁ።

ይቅርታው እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ወደ ጥያቄሽ።

መኪናዋን ላሳይሽ ያመጣኋት ቀን ዞር ዞር ብለሽ አየሻትና «ብቻሽን?» አልሽ። ሌላ ምንም አላልሽም። እኔም ያን ቀን መልስ አልነበረኝም፤ 9 ቀን ነድቼ ነው ያገኘሁት። አባትሽ ጎን 31 ዓመት ጋቢና ተቀምጫለሁ። ካርታ የምይዘው እኔ፣ ውሃ የማቀብለው እኔ፣ እንዳይተኛ የማወራው እኔ። መንጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ በየጊዜው ይታደሳል። «አንቺ ምን አደከመሽ፣ እኔ እያለሁ» ይለኝ ነበር፤ ከልቡ ነው፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ያን ሁሉ አገር ያየሁት በጎን መስኮት ነው። መንገድ ከመሪ ኋላ ሆነው ሲያዩት ሌላ ነገር ነው። ይኸው ነው መልሴ።

አሁን እንዳትሰጊ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ፣ የደበቅኩሽንም ጭምር።

መኪናዋን ስገዛ ወንድምሽ ጎማዎቹን በጫማው ገጭ ገጭ አድርጎ «ገና አዲስ ናቸው» ብሎኝ ነበር። ጥርሳቸው እውነትም አልተነካም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጎናቸው ላይ የታተመውን አነበብኩ። ጎማ የተሠራበት ጊዜ በ4 አሃዝ ይጻፍበታል፤ የፊቶቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የእኔዎቹ 1114 ይላሉ፤ የ2014 11ኛ ሳምንት። እንዲህ ያለ መኪና ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ለእረፍት ብቻ ስለሚነዳ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ክብደት ተሸክሞ ሲግል ይፈነዳል። ሁሉንም አስቀየርኩ።

የቀየሩልኝ ሰዎች ዳዶዎቹን፣ የጎማውን ማሰሪያዎች፣ በማሽን ጥርርር አድርገው አሰሩና ሸኙኝ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ ዳዶውን ደግሞ ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረኝም። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሄድ ከኋላ በስተቀኝ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ድስቱ መስሎኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ፍጥነት ስቀንስ ግን ድምፁም አብሮ ቀነሰ፣ ስጨምር ጨመረ። ድስት ደግሞ የጎማ ዙር አይቆጥርም። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ የማስጠንቀቂያውን ሦስት ማዕዘን ከኋላ ራቅ አድርጌ አቆምኩና ተንበረከክሁ (ጉልበቴ ያኔ ነው ያመመኝ፣ እሺ)። የመጀመሪያው ዳዶ በጣቴ ዞረ። በጣቴ! ሁለተኛውም ላልቷል። የቀሩት ይዘዋል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጄ እስኪረጋ ጠበቅኩ።

ከዚያ ከወንድምሽ የተዋስኩትን ቶርክ ቁልፍ አወጣሁ፤ ያ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን። አንዱን አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ ነው የሚኬደው፤ አለዚያ ጎማው ዘሞ ይቀመጣል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የስድስቱን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። በዝግታ እየነዳሁ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ደረስኩና ብሎኖቹ እንዳልተጎዱ አሳየሁ። አልተጎዱም። አሁን በየጠዋቱ ሻይ እስኪፈላ ዳዶዎቹን እየዞርኩ እነካካለሁ።

ስለ ሻይ ካነሳሁ የሰጠሽኝን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ላንሳልሽ። ለዕርቅ እንደገዛሽው ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን እሱ 1500 ዋት ነው፣ የእኔ ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ 1000። ስሰካው አንዴ ጮኸና ጨለመ። ኢንቨርተሩ ትልቅ ቢሆን እንኳ 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ 125 አምፔር ነው፤ ሽቦውም ባትሪውም አይችለውም። የኋላው ባትሪዬ 100 አምፔር ሰዓት ነው፣ በወረቀት 1200 ዋት ሰዓት። ግን የአሲድ ባትሪ ስለሆነ ከግማሽ በታች ባወረድኩት ቁጥር ዕድሜውን ነው የምበላው። ስለዚህ ያለኝ 600 ብቻ ነው፣ ከዚያ ላይ ፍሪጁም መብራቱም ይካፈላሉ። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ፀሐይ ካለች ይመልሰዋል፣ ደመና ከሆነ ፍሪጁን አጥፍቼ መንዳት ነው። ሻዩን የማፈላው በጋዝ ነው።

ጋዙም ጉድ አሳይቶኛል። በ4ኛው ቀን ከፍ ያለ ቦታ አደርኩ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሆነ። ጠዋት ምድጃውን ብለኩሰው ቢጫ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሲሊንደሩን ብነቀንቀው ሙሉ ነው። ለካ ውስጡ ያለው ቡቴን ነው፤ ቡቴን በ0 ዲግሪ አካባቢ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ይተዋል። ፕሮፔን ቢሆን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ፀሐይ እስክትወጣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ደረቅ ብስኩት በላሁ፣ ከዚያ ወርጄ በፕሮፔን አስለወጥኩት።

ያን ሌሊት ምድጃውን ለኩሼ መኪናዋን ለማሞቅ ፈልጌ እንደነበር ልናዘዝልሽ። እጄ ክብሪቱ ላይ ደርሶ ነበር። የተዘጋ ቦታ ውስጥ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ደም ላይ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ተኝተሽ ትቀሪያለሽ። መኝታዬ አጠገብ ያለችው ትንሿ ነጭ ሣጥን የዚያ ማንቂያ ናት፤ ሳምንት በሳምንት ቁልፏን ተጭኜ አስጮሃታለሁ። ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ወንድምሽ «አቧራ ያስገባል» ብሎ ሊደፍነው ነበር፤ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ የሚወጣው በዚያ ነው። ቀዳዳውን እንዳይነካው ንገሪው። አልለኮስኩም፤ ሁለት ካልሲ ደርቤ ተኛሁ።

ክብደትንም አትርሺ ብለሽኝ ነበር፣ ልክ ነበርሽ። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወጣሁና 3560 ኪሎ ሆነች፤ የተፈቀደላት 3500 ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከታንከሩ 70 ሊትር አፈሰስኩ። መጻሕፍቱ ግን አብረውኝ አሉ።

ክብደቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። አባትሽ «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ» ይል ነበር። እኔ ያንን 31 ዓመት ሰምቼው 3ኛ ቀን ላይ ረሳሁት። ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነበር፤ አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ ስፖንጅ ሆነ። ማርሽ ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሳወርድ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ተያዘች። መቆሚያ አግኝቼ 40 ደቂቃ አቀዘቀዝኳት፣ ውሃ አላፈሰስኩባትም፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ መሰንጠቅ ነው። የቀረውን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ነፉ፣ ይንፉ።

እዚያ ቆሜ አባትሽ አንድ ቀን ከመጽሔት ያነበበልኝ ትዝ አለኝ። ቤርታ ቤንዝ የምትባል ሴት፣ የመኪናው ፈልሳፊ የካርል ቤንዝ ሚስት፣ በፈረንጆች 1888 ነሐሴ ላይ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ባሏን ሳታስፈቅድ፣ የባሏን መኪና ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳችው። የተደፈነ የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተች። ፍሬኑ ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት። አባትሽ ያኔ ስቆ «እግዜር ያውጣኝ» ነበር ያለው። እኔ ያቺ ሴት ስትመለስ ልጆቿ ምን ብለዋት ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት።

አሁን የምትፈሪውን ልንገርሽ፤ እኔም እፈራዋለሁ። ቀኑ አይከብድም። የሚከብደው 10 ሰዓት ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል የት እንደማድር መወሰን አለብኝ፣ የምጠይቀው ሰው የለም። «እዚህ ይሻላል ወይስ እዚያ?» ብዬ ድምፄን አውጥቼ እጠይቃለሁ፣ መልሱም ከእኔው ነው። ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፣ ሁለቱም 10 ሰዓት ላይ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሻይ ይመጣል፣ ራዲዮ ይመጣል፣ ይቀልላል። ግን ስላልፈራሁ አይደለም የምነዳው፣ ይህን እንዳትሳሳቺ።

ለዚያ ሰዓት ሕግ አውጥቻለሁ። ሳይጨልም እደርሳለሁ። አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሬ አቆማታለሁ። ሹፌር ወንበር ላይ ምንም አላስቀምጥም፣ ቁልፉም ሁሌ አንድ ቦታ ነው። ቦታው ልቤን ካልሞላው ለማንም ምክንያት ሳልሰጥ እነሳለሁ፤ አንድ ጊዜ ከተኛሁበት በፒጃማ ተነስቼ ነድቻለሁ። እንቅልፍ ከመጣብኝ ደግሞ ወዲያው እቆማለሁ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በሰከንድ 25 ሜትር ትሄጃለሽ፤ 4 ሰከንድ ብታንጎላጂ 100 ሜትር ማንም ሳይነዳት ሄደች ማለት ነው። 20 ደቂቃ ወንበሩን አጋድሞ መተኛት ከቡና ይሻላል።

ሰው ደግሞ ደግ ነው፣ አብዛኛው። ቢሆንም «ብቻዎን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሲመጣ ወደ ኋላ በአገጬ አመልክቼ «ባለቤቴ ተኝቷል» እላለሁ። ይኸው አባትሽ ከሞተ በ6 ዓመቱ ከኋላ ይተኛልኛል። መጀመሪያ ያልኩት ቀን ደነገጥኩ። አሁን እላለሁና በሩን ዘግቼ ትንሽ ፈገግ እላለሁ።

የቀረኝ 5 ወይም 6 ቀን ነው፤ ነፋሱ ከበረታ ልጨምር እችላለሁ፤ ጣሪያዋ ረጅም ስለሆነ የጎን ነፋስ እንደ ሸራ ነው የሚይዛት። በነፋስ ቀን ልንዳ ብዬ አልጣላም፣ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ቁመቷን 2 ሜትር ከ80 ብዬ ጽፌ መሪው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ድልድይ ሥር ልገባ ስል እንዳነበው። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፣ ይስቃል።

ማንቆርቆሪያሽን አልጣልኩትም። ኤሌክትሪክ ያለው ማደሪያ ባገኘሁ ቀን ሰክቼ በሱ አፈላለሁ፣ ፎቶም እልክልሻለሁ።

ወረቀቱን የማነሳው ሊመሽ ስለሆነ ነው። 12 ሰዓት ከ40 ሆኗል፣ በሩን መዝጋት አለብኝ፣ ትንኝ ገብቷል። መልእክቴን 1 ሰዓት ላይ ትጠብቂያለሽ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እናትሽ

ቶርክ ቁልፉን እንደማልመልስለት ለወንድምሽ ቀስ ብለሽ ንገሪው።