ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀዳዳውን አትድፈን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። የቢሾፍቱ ሙቀት ለጉልበቴ ተስማምቶታል። የአክስትህ ሽሮ ግን ጨው ይበዛበታል። እንዳትነግራት።

ብደውል አታነሳም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። ሰኔ ገና ሳይጋመስ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ግቢያችን በሚገባው የዝናብ ውሃ፣ ከላይኞቹ ጎረቤቶቻችን ጋር ተሰዳደብክ አሉ። «በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ፣ ከዚያ እንተያያለን» ብለሃል። ሲሚንቶውንም ገዝተህ በረንዳ ላይ አስቀምጠሃል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ቀዳዳውን አትድፈን።

እውነት አለህ፣ አልክድም። ሰዎቹ ፎቁን ሲሠሩ አሸንዳውን ወደ እኛ አጥር መልቀቅ አልነበረባቸውም። ድሮ ከዚያ ግቢ የሚወርደውን ውሃ ሣሩ ይይዘው ነበር። አሁን ግቢው ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ሆኗል፤ አንዲት ጠብታ የሚጠጣ አፈር የለም። ሒሳቡን እስቲ ሥራው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያቸው 120 ካሬ ቢሆንና 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,600 ሊትር ይመጣል። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 18 በርሜል። ያውም በአንድ ከሰዓት! የሽሮ ሜዳን ሐምሌ ታውቀዋለህ፤ እንጦጦ ከጠቆረ ልብስ ለማስገባት እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ቢሆንም አትድፈነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። መውጫ ያጣ ውሃ አጥር ይገፋል። የእኛ አጥር ደግሞ ብረት ያልገባበት ብሎኬት ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ። ሥሩ ደግሞ የእህትህ ልጅ ናት ስትጫወት የምትውለው።

አሁን የምነግርህን እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

እትዬን ታስታውሳቸዋለህ። ቡሄ በመጣ ቁጥር ትልቁን ሙልሙል ላንተ የሚያስቀሩልህን። የላይኛው ቤት ያኔ የሳቸው ነበር። በ1981 ክረምት፣ አንተ ሳትወለድ፣ በዚያችው ቀዳዳ ውሃ ማድቤታችን እየገባ እናትህ እሳት ማንደድ አቃታት። ለእትዬ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ሰው ላስመጣ» ይሉኛል። ባላቸው የሞቱባቸው በዚያው ዓመት ነው፤ ሰው ከየት ያመጣሉ? እኔ ግን ንቀት መሰለኝ። አንድ ማታ ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ ጠቀጠቅኩት። ማንም አላየኝም። ገብቼ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ዶፍ ጣለ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ግቢያቸው ውስጥ ተኛ። የማድቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ አራሰው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲናድ ሰማሁት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን ለባላቸው ተዝካር ያስቀመጡት ኩንታል ጤፍ ውሃ ገባው። ጠዋት ስሄድ ሰሌን ላይ ዘርግተውት በጣታቸው ይፈለፍሉታል። የረጠበ ጤፍ አይተህ ታውቃለህ? እንደ ሊጥ ይያያዛል። ፀሐይ ደግሞ የለም። ቀና አሉና፣ «የናንተስ ግድግዳ ደህና አደረ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

በዚያኑ ሌሊት በመሮ ፈልፍዬ ከፈትኩት። ልጅ ሆነህ የቀዳዳው ጠርዝ ለምን እንደተሸራረፈ ስትጠይቀኝ «አይጥ በልቶት ነው» እልህ አልነበር? ግድግዳቸውን መልሰን ስንመርግ ጭቃውን ከጭዱ ጋር የረገጥኩት እኔ ነኝ። ሰፈርተኛው መረቀኝ። እሳቸውም መረቁኝ። እስከ ዛሬ የሚከረክረኝ ያ ምርቃት ነው። «እኔ ነኝ» ለማለት ሃያ ዓመት ነበረኝ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ያኔም አፌን አልከፈትኩም።

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ቦዩ።

የእኛን ቦይ ግንቦት ላይ ማጽዳት ነበረብህ። አላጸዳህም። ፌስታልና ሃይላንድ ሞልቶታል ብላለች እህትህ። ሰው ላይ ከመጮህህ በፊት እሱን አውጣ። ከዚያ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘህ ውጣ። ካባራ በኋላ ማየት ዋጋ የለውም። ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚተኛ በስልክህ ቅረጸው። ዝናብ በሌለበት ቀን ከወረደ፣ ወይም የሳሙና አረፋ ካለው፣ ያ የቤት ፍሳሽ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለወረዳ ይነገራል። የዝናቡን ውሃ ደግሞ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ እንዳትመራው። አቋራጭ እንደምትወድ አውቃለሁ። ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላና ግቢው በሙሉ ይከረፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሰዎቹ ሂድ። ብቻህን አይደለም፤ የእድራችንን ዳኛ ይዘህ። ቪዲዮውን አሳያቸው። አትሳደብ። አሸንዳቸው በቱቦ ወርዶ፣ በአጥሩ ጥግ አልፎ፣ ወደ መንገዱ ቦይ ይውጣ። 12 ሜትር ነው፣ ድሮ ለክቼዋለሁ። በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ዝቅ ካለ ውሃው አይተኛም። የወጪውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ። «እነሱ አጥፍተው እኛ ለምን?» ልትለኝ ነው። ዝም በል። ያለብኝን ዕዳ ነው የምከፍለው።

እምቢ ካሉ ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ግን ያው ቁጥር ላንተም ይሠራል። ከደፈንክ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ስለዚህ አትድፈን።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከወለሉ አንሳ። የበርበሬውንም ጆንያ። ደግሞ በረጠበ ካልሲ አትዋል፤ ብርድ ቶሎ እንደሚይዝህ እናትህ ስትሰጋ ነው የኖረችው። እስከ ቡሄ ሁለት ወር ነው፣ ያልፋል።

ሲሚንቶውን እርጥበት እንዳያገኘው ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፤ ለቦዩ ይሆናል። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ደፍነኸው ከሆነ ግን፣ መሮው አልጋዬ ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ነገ አትበል፤ ዛሬ ማታውኑ ክፈተው።

አባትህ