ላፕቶፕ ለልጆቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊትና ከገዛችሁ በኋላ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፡- ያገለገለ ላፕቶፕ አገዛዝንና የቤት ውስጥ አያያዝን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ «ለልጄ ላፕቶፕ ልግዛ ወይ? የትኛውን?» የሚል ጥያቄ ወደ ቢሮአችን መምጣቱን አላቋረጠም። አስቀድመን አንድ ነገር እንድታውቁልን እንፈልጋለን፤ ትምህርት ቤታችን ማንንም ወላጅ ላፕቶፕ ግዛ ብሎ አያስገድድም። ለመግዛት ከወሰናችሁ ግን አብዛኞቻችሁ የምትገዙት ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ አገልግሎ የመጣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። እነዚህ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ነገር ግን አቅመ ደካማ ላፕቶፕ እኛ እነሱን እንመርጣለን። ችግሩ ደህናው ከተበላሸው በዓይን አለመለየቱ ነው።

ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስለ ላፕቶፑ «አንጎል»፣ «ኮር አይ5 ነው» ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አይ5 ከ10 ዓመት በፊትም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ መጠየቅ ያለባችሁ ጀነሬሽኑን፣ ማለትም የስንተኛው ትውልድ ሥሪት መሆኑን ነው። ላፕቶፑን አስከፍቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያል። አይ5-6300ዩ ካለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ያሳያል፤ አይ5-8350ዩ ስምንተኛ፣ አይ5-10210ዩ ደግሞ አሥረኛ ነው። ከስምንተኛ በታች አትግዙ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያ) ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው። ሻጩ በስድስተኛው ላይ «11 ጭኜበታለሁ» ሊል ይችላል። መጫኑስ ይጫናል፤ ነገር ግን ማሻሻያው ላለመቋረጡ ዋስትና የለውም።

ከዚያው ገጽ ሳትወጡ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትንም እዩ። ሜሞሪው 8 ጊጋ ይሁን፤ በ4 ጊጋ ብሮውዘርና ወርድ አንድ ላይ ሲከፈቱ ማሽኑ መጎተት ይጀምራል። ዲስኩ (ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል) ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ መሆኑ ከመጠኑ ይበልጣል። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ለተማሪ ይበቃል፤ 1 ቴራ ኤችዲዲ (ዘገምተኛው የድሮ ዓይነት ዲስክ) ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አያታልላችሁ፤ ለመነሳት እንኳ ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለውን እንንገራችሁ። ማሽኑን አስጠፉትና እንደገና ሲነሳ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ባዮስ የሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ ያለ ፓስወርድ መከፈት አለበት። ፓስወርድ ከጠየቀ የቀድሞው ባለቤት ቆልፎታል ማለት ነውና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። እንዲሁም ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት አድርጎ (ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ አስጀምሮ) ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘው። ሲነሳ የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ በድርጅቱ አካውንት ግቡ ካለ፣ ያ ማሽን አሁንም በዚያ ድርጅት ቁጥጥር ሥር ነው።

ባትሪውን ለመፈተሽ መቶ በመቶ ከሞላ በኋላ ቻርጀሩን ነቅላችሁ 30 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱበት። ከ75 በመቶ በላይ ከቀረ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ለጥናት ይበቃል። ከ40 ድንገት ወደ 5 ከወረደ ባትሪው አልቋል፤ የባትሪውን ዋጋ አስቀንሱ። የዴል ቻርጀር ከሆነ ጫፉን አቅርባችሁ እዩት፤ መሐሉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነች ዘንግ አለች። ላፕቶፑ የቻርጀሩን ማንነትና ዋት የሚያነበው በእሷ በኩል ነው። ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ነገር ግን ባትሪው አይሞላም፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ባትሪው ሞተ ተብሎ በከንቱ አዲስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው። ቻርጀሩ ላይ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ከተጻፈ ሲባዛ 65 ዋት ነው፤ አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ካሜራውን፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ፣ በስልካችሁ ሆትስፖት ደግሞ ዋይፋዩን ሞክሩ። እዚሁ ደሴ ከፒያሳም ግዙት ከአራዳ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይለቅ። ከአዲስ አበባ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ ለሚገዛላችሁ ሰው ላኩለት፤ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ዕቃ መመለስ ከባድ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ዋነኛው ጠላት መብራት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራት መድከም ብዙም አይጎዳውም፤ የሚያቃጥለው ጠፍቶ ሲመጣ የሚዘልለው ኃይል ነው። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ሰኩ። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ተራ ዲቫይደር ይህን አይከላከልም፤ የሚያደርገው ማከፋፈል ብቻ ነው። በክረምት ከጦሳ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ሲሰማ ቻርጀሩን ብቻ ሳይሆን የዋይፋይ ራውተሩንና የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ መብረቅ በእነሱም በኩል ይገባል። ልጃችሁ «ላፕቶፑ እየነዘረኝ ነው» ካለ አትናቁት። አብዛኛውን ጊዜ የሶኬቱ የመሬት ሽቦ አለመገናኘቱን ያሳያል፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ኤሌክትሪሻን አሳዩ።

የደሴ ብርድ ደግሞ ልጆችን አልጋ ላይ ጋቢ ለብሰው እንዲያጠኑ ያደርጋል። ላፕቶፑ ግን አየር የሚስበው በሆዱ በኩል ነው። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ይግላል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም በራሱ ይጠፋል። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትሪ ከሥሩ አድርጉ። ከከሰል ምድጃም አርቁት፤ አመዱ ማራገቢያው ውስጥ ይገባል።

ቫይረስን በተመለከተ፣ ዋና መግቢያው ፍላሽ ነው። ተማሪው አሳይንመንት ሊያሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ ሲመለስ ፎልደሮቹ ላይ ትንሽ ቀስት ተለጥፎባቸው መጠናቸውም ወደ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ወርዶ ይገኛል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይሠራሉ፤ አንደኛው ቀስት ያለውን ፎልደር መክፈት ነው፣ ቫይረሱን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ይህ ነው። ሁለተኛው ፋይሉ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ወዲያው ፎርማት ማድረግ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቪው ግቡ፤ ሾው ሂድን ፋይልስ የሚለውን ምረጡ፣ ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። አንዳንድ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ የልጁ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። የወርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ገልብጡ፣ ፍላሹን ከዚያ በኋላ ፎርማት አድርጉ፣ ላፕቶፑንም በዲፌንደር ሙሉ ስካን አድርጉት። ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣ ጸረ ቫይረስ ነው። ክራክ ሶፍትዌር (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ) የሚጭኑ ሰዎች ግን አጥፍተውት ስለሚሄዱ ሪል ታይም ፕሮቴክሽን የሚለው በርቶ መሆኑን አረጋግጡ። ለወርድ ፋይል ክራክ አያስፈልግም፤ ሊብሬኦፊስ በነጻ ይሠራል። ከሁሉም የሚሻለው ለኅትመት የሚሄደውን በፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ መላክ ነው፤ ፍላሽ ከቤት አይወጣም።

በእናንተ ስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታ ቆጣቢ ግንኙነት) የሚለውን አብሩ። ያለዚያ የዊንዶውስ ማሻሻያ ጥቅላችሁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ማሻሻያውን በወር አንድ ቀን ልጃችሁ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ያውርድ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የአይሲቲ መምህራኖቻችን በኮምፒውተር ላቦራቶሪው ይገኛሉ። ልትገዙ ያሰባችሁትን ሻጩ ከፈቀደ አምጡት፣ የገዛችሁትንም አስፈትሹ፤ ክፍያ የለውም። ቻርጀሩን አትርሱ።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር