ከክዋቴማ ለዱራሜዋ አሰልጣኝ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጆችሽስ? እኔ ከናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከነባለቤቴና ከነልጆቼ ደህና ነኝ። ዝም ከተባባልን ስንት ክረምት እንዳለፈ አልቆጥርም፤ መቁጠር ከጀመርኩ ደብዳቤው ወቀሳ ሆኖ ይቀራል። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይኝ። በስልክ አንቺ «አገሩ ሰላም ነው?» ትያለሽ፣ እኔ «ሰላም ነው» እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል።

ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከወደ ዱራሜ የመጣ ወሬ ነው። ሴት ልጆችን ሰብስበሽ ኳስ እያሠለጠንሽ ነው አሉ። እሰይ! እኛ በእነሱ ዕድሜ ከወንዶቹ የተረፈውን ሜዳ፣ ያውም ከብት ካልገባበት፣ ስንለምን አልነበር? የዛሬዎቹ እኮ ከዚያችው ከተማ ወጥታ ማልታና አሜሪካ ድረስ የተጫወተች ሎዛ አበራ አለቻቸው። እኛ ማን ነበረን? የአንቺ ታላቅ ወንድም ብቻ፤ እሱም በረኛ አጥቶ ሲቸገር ነበር የሚጠራን።

ስለዚህ የምኖርበትን አገር፣ የደቡብ አፍሪካን፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ነገር ላጫውትሽ። ባንያና ባንያና ይሏቸዋል። አውቃለሁ፣ አትወጃቸውም። ሉሲዎቻችን ለለንደን ኦሎምፒክ ለማለፍ አንድ ዙር ሲቀራቸው መንገዱን የዘጉባቸው እነዚህ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ቂም ስትይዢ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። እኔም ቂሙን ይዤው ነበር። ግን በዚያው ኦሎምፒክ ፖርሻ ሞዲሴ ከመሃል ሜዳ ለግታ ስዊድን ላይ ያስቆጠረችውን ጎል ሳይ መቀየሙ አቃተኝ። ይህች ሴት ለአገሯ ከመቶ በላይ ጎል አስቆጥራ ነው ጫማዋን የሰቀለችው። በአፍሪካ ከእሷ በፊት ለብሔራዊ ቡድን መቶ ጎል የደረሰ ወንድም ሴትም አልነበረም።

አሰልጣኛቸውን ግን በተለይ እንድታውቂያት እፈልጋለሁ። ዴዚሬ ኤሊስ ትባላለች፣ የኬፕታውን ልጅ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ) ቡድኑ የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታ ከስዋዚላንድ ጋር አድርጎ 14 ለ 0 ሲያሸንፍ እሷ ሜዳ ውስጥ ነበረች። ያኔ ኑሮዋ ስጋ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ቅመም መደባለቅ ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድን ብላ ሥራዋን አጣች። ከዚያ ለዓመታት አምበል ሆነች። በ2016 በጊዜያዊነት፣ በ2018 በቋሚነት የአሰልጣኝነቱን ወንበር ያዘች። በአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ እየተባለች ደጋግማ ተሸልማለች። በጨዋታ ወቅት ፊቷን ብታዪው እኮ! ጎል ሲገባም ሲገባባትም ያው ነው። አንቺ እንዲህ መሆን አትችዪም፤ ለዳኛ ስትሳደቢ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሽ ነበር።

ዋንጫው ግን እሺ አላላቸውም። 1995፣ 2000፣ 2008፣ 2012፣ 2018፤ አምስት ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው አምስቱንም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የመጨረሻው አክራ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ያለ ጎል ጨርሰው በመለያ ምት ነበር። በ2022 ራባት ላይ ግን አስተናጋጇን ሞሮኮን በገዛ ሕዝቧ ፊት 2 ለ 1 አሸነፉ። ሁለቱንም ጎሎች ሂልዳ ማጋያ አስቆጠረች። ትልቋ አጥቂያቸው ቴምቢ ክጋትላና በውድድሩ መጀመሪያ የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶባት ስለነበር ፍጻሜውን አልተጫወተችም።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር ልምጣ። ያለሁት ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ኤኩርሁሌኒ በሚባለው ክፍል፣ ክዋቴማ ውስጥ ነው። ሱቃችን የእኛ አገር ሰው እዚህ የሚከፍታት ዓይነት ሱቅ ናት፤ ከፊቷ ወፍራም የብረት ፍርግርግ፣ በመሃሉ ዳቦና ሳንቲም የምታሳልፍ ቀዳዳ፣ ከእኔ ጀርባ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ለሕፃን የሚሆን ነገር ሁሉ። ከዚህ ተቀምጬ ቡድኑን ስከታተል አንድ ነገር ይከነክነኛል። ደስ የተሰኙበት ቦታ ሁሉ ሩቅ ነው። ያፈሩበትና ያለቀሱበት ቦታ ግን ባለቤቴ ዕቃ ለማምጣት በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው።

ቮስሎረስ አንዱ ነው። በ2000 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተካሄደው እዚያ ነበር። በናይጄሪያ ሲመሩ የገዛ ደጋፊያቸው ያገኘውን ሁሉ ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረና ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ዋንጫው ለእንግዶቹ ተሰጠ። ቡድኑን ከሜዳው ያስወጣው ባላጋራ ሳይሆን ወዳጅ ነው።

ሁለተኛው ይኸው የእኔ ክዋቴማ ነው። ዩዲ ሲሜላኔ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የባንያና አማካይ ነበረች፤ ዳኛ ለመሆንም ትማር ነበር። ሴት አፍቃሪ መሆኗን አትደብቅም ነበር። በሚያዝያ 2008 ወንዶች ተሰብስበው ደፈሯት፣ በጩቤ ደጋግመው ወጓት፣ ጅረት ዳር ጥለዋት ሄዱ። 31 ዓመቷ ነበር። ከገዳዮቹ አንዱ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በስሟ ትንሽ ድልድይ ተሠርቶላታል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይሻገሩበታል፣ እኔም ተሻግሬበታለሁ። እኛ አገር ይህን ነገር ጮክ ብሎ የሚያነሳ እንደሌለ አውቃለሁ፤ አንቺም ስታነቢው ፊትሽን ሳታኮሳትሪ አትቀሪም። ቢሆንም ልጽፈው ግድ አለኝ። ኳስ የምትወድ ሴት ልጅ «ወንዳወንድ» እየተባለች የምታድገው እዚህ ብቻ አይደለም፤ አንቺንም እኔንም ብለውናል። ያ ስድብ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየኝ ይህ ሰፈር ነው። እሷ በተገደለች በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በግንቦት ያ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሳው እሳት መጣ፤ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ እኔ ገና አልመጣሁም፣ ባለቤቴ ግን ነበር። የዚያን ዓመት ወሬ ሲጀምር ሁለቱን ለይቶ አያወራቸውም።

ሦስተኛው ጻካኔ ነው፣ ከእኛ ብዙም የማይርቅ። ይህን እንደ አሰልጣኝ ልብ ብለሽ አንብቢው። በሐምሌ 2023 መጀመሪያ፣ ለዓለም ዋንጫ ወደ ኒውዚላንድ ሊበሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ከቦትስዋና ጋር የስንብት ጨዋታ ተዘጋጀላቸው። ሜዳው ደረቅና ጠጣር፣ አንድ ሰው ቢጎዳ የዓለም ዋንጫው የሚያመልጠው። ከዚያም በላይ በዓለም ዋንጫው የሚያገኙት ክፍያ በውል ውስጥ አልሰፈረም። ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ «አንጫወትም» አሉ። ምን ተደረገ መሰለሽ? ከአካባቢው ልጃገረዶች ተሰበሰቡና የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለብሰው ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ 13 ዓመቷ ነበር! በቦትስዋና 5 ለ 0 ተሸነፉ። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የፓትሪስ ሞትሴፔ ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ተቋም 6 ሚሊዮን ራንድ አውጥቶ ነገሩ በረደ።

ያን ሰሞን ከፍርግርጉ ማዶ ያልተባለ ነገር የለም። «ገንዘብ ከአገር በለጠባቸው»፣ «ስንት ወንድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እነሱ ሚሊዮን ይጠይቃሉ»። ዳቦውን እያቀበልኩ ዝም አልኩ፤ እንግዳ ሰው በባለ አገር ክርክር አይገባም። ለአንቺ ግን ያላልኩትን ልበልሽ። ልክ ነበሩ። አምስት ዋንጫ ያጣ፣ ስድስተኛውን ያመጣ ቡድን ክፍያውን በወረቀት ላይ ማየት ከፈለገ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ወንዶቹ ቢሆኑ ማን ጠጠር ላይ ተጫወቱ ይላቸው ነበር? ያቺ የ13 ዓመት ልጅ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነገ አንቺንም አንድ ባለሥልጣን መጥቶ «ልጆቹን ለበዓል አሰልፊልኝ፣ የሚጎድለውን እናሟላለን» ይልሽ ይሆናል። ሲያሟላ አሳየኝ በይው።

በዚያው ወር ሄዱ፤ ያውም በወር ውስጥ ያንን ሁሉ ሐሜት የሚያስውጥ ነገር ሠሩ። ስዊድንን እየመሩ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ 1 ተሸነፉ። አርጀንቲናን 2 ለ 0 ከመሩ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ገባባቸውና አቻ ወጡ። የቀረው ጣሊያን ነው፤ ለማለፍ ማሸነፍ ግዴታ ነበር።

ጨዋታው ዌሊንግተን ላይ ምሽት ሲሆን፣ እዚህ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ባለቤቴ ትንሿን ቴሌቪዥን ከዘይቱ መደርደሪያ ላይ አውጥቶ ፊቷን ወደ ፍርግርጉ አዞረልን። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቆሞ ቀረ። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የረሱ መሰሉ። ጎረቤታችን ጎጎ (እዚህ አሮጊትን ሁሉ «ጎጎ» ነው የምንለው፣ እንደ እኛ «እማማ») የቢራ ሳጥን ገልብጠው ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ጣሊያን በፍጹም ቅጣት ምት ቀደመች። ከዚያ አንዷ ጣሊያናዊት ኳሱን ወደ ራሷ በረኛ ስትመልስ በገዛ መረቧ ውስጥ ከተተችው። ጎጎ «አመሰግናለሁ ልጄ» አሏት፣ ምርቃት በሚመስል ድምፅ። ማጋያ ሁለተኛውን አገባች፣ ጣሊያን መለሰች፣ 2 ለ 2። ሰዓቱ አለቀ፣ ጭማሪ ደቂቃ ገባ። ማጋያ አቀበለች፣ ክጋትላና ከቅርብ መታችው።

ፍርግርጉ ላይ ስንት እጅ እንደተንጠለጠለ አልነግርሽም። ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ለአፍታ ልቤ ድንግጥ አለ፤ ይህ ብረት በሌላ ጊዜ በሌላ ምክንያት ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁና። ጎጎ በቀዳዳዋ እጃቸውን አስገብተው እጄን ያዙኝና አልለቅ አሉ። ከፍርግርጉ ኋላ ባለፉት ዓመታት ሁሉ በዚያች ቀዳዳ የገባ እጅ ገንዘብ ይዞ ነበር የሚገባው።

ከደቡብ አፍሪካ ዋና (የአዋቂዎች) ብሔራዊ ቡድን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በዓለም ዋንጫ ከምድቡ ያለፈ ያ የመጀመሪያው ነው። ክጋትላና ከጨዋታው በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት የቤተሰቧ አባላት እንደሞቱባት ተናገረች። አገሯ ሄዳ መቅበር ስትችል ከጓደኞቿ ጋር መቅረትን መረጠች። በጥሎ ማለፉ ሲድኒ ላይ በኔዘርላንድስ 2 ለ 0 ተሸንፈው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ናይጄሪያ በአንድ ጎል ልዩነት አስቀረቻቸው። በ2025ም ሞሮኮ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ያችው ናይጄሪያ በባከነ ሰዓት ጭማሪ ደቂቃ ባስቆጠረችው ጎል ዋንጫቸውን ነጠቀቻቸው። አንቺ እልል ሳትዪ አትቀሪም። እኔ ሱቁን ዘግቼ ተኛሁ።

በይ አሁን ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። ስንት ልጆች አሉሽ? ሜዳውን ማን ሰጠሽ፣ በቃል ነው በወረቀት? በረኛ አገኘሽ ወይስ ያችኑ አጭሯን ነው የምታስቆሚው? አባቶቹ ይመጣሉ ወይስ እናቶች ብቻ? እዚህ ገበያ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ታኬታ በርካሽ ይገኛል፤ ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ የአገራችን ልጆች አሉ፣ ሻንጣቸው ውስጥ እከትላቸዋለሁ። የልጆቹን የእግር ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈሽ ላኪልኝ። የሚያድጉ ስለሆኑ አንድ ቁጥር ጨምሪበት።

እናትሽን በጉልበታቸው ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ፣
ከክዋቴማ