በጤፍ የሰፈርነው የራስ ቅል፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ችግኝ ተክሏል፣ የግድግዳ ጋዜጣም አውጥቷል። ችግኞቹ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ናቸው፤ ክረምቱ ከረዳቸው ይጸድቃሉ። ስለ ሁለቱ ይህ ይብቃና፣ የተሰጠኝን ገጽ ከኅዳር ጀምሮ አባላቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ላቆየው ጉዳይ ላውለው።

ጉዳዩን ያመጣችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንዲት ዘመዷ በሳሉና ባስነጠሱ ቁጥር ማጅራታቸውን ሰንጥቆ የሚይዛቸው ራስ ምታት ነበረባቸው። አንዴ ምች፣ አንዴ ደም ብዛት ሲባል ከርሞ በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሡና ኪያሪ የሚባል፣ አብሮ የሚወለድ የአንጎል አፈጣጠር ችግር ተገኘባቸው። “ቲቸር፣ አምስት ሚሊ ሜትር ወርዷል አሏቸው፤ ብዙ ነው?” አለችኝ።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ችግሩን በጽሑፍ ካስቀመጠው ከሃንስ ኪያሪ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፕራግ ይሠራ የነበረ ኦስትሪያዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። በመጀመሪያው የኪያሪ ዓይነት፣ ከአንጎል ኋላ ያለው የሴሬቤለም የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለው ትልቅ ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት ይወርዳል። በአዋቂ ሰው 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ኪያሪ ይባላል።

ተማሪዎቹ ቁጥሩን ወደዱት፤ ቁጥር ለፈተና ይመቻል። እኔን የሳበኝ ግን ቁጥሩ የማይመልሰው ጥያቄ ነበር። ብዙ ወርዶባቸው ምንም የማይሰማቸው፣ ለሌላ ጉዳይ ሲነሡ በአጋጣሚ የሚታወቅላቸው ሰዎች አሉ። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖም ኅብለ ሰረሰራቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የሚሠቃዩ አሉ። እንግዲህ የወረደውን ብቻ ሳይሆን የወረደበትን ቤት ማየት ግድ ሆነ።

ቤቱ አጥንት ነው። በብዙዎቹ ታማሚዎች የማጅራቱ አጥንት በፅንስነት በቂ ሳያድግ ይቀርና አንጎሉ ግን ደንበኛ መጠኑን ይይዛል፤ እግር አድጎ ጫማው እንደሚጠበው ማለት ነው። ይህን በቃል ከምናጠና ብንለካው ይሻላል ብለን ክዳኑ የሚነሣውን የፕላስቲክ ራስ ቅል አወጣን። የወለሉን ቀዳዳ በጥጥ ደፍነን ሴሬቤለም የሚያርፍበትን የኋለኛውን ጎድጓዳ በጤፍ ሞላነው (በዛሬው የጤፍ ዋጋ ያመጣችው ልጅ ፍሬ እንዳይወድቅ ከሥር ነጠላ ዘርግታለች)። ከዚያ ወደ መለኪያ ሲሊንደር ገለበጥነው። ቀጥሎ ወለሉን ከኋላ በኩል በሸክላ ጭቃ ጥቂት ከፍ አድርገን ደግመን ሰፈርን። ቀዳዳው ያው ነው፤ የሚይዘው ጤፍ ግን በግልጽ አነሰ።

ያልጠበቅኩት ጭቅጭቅ የተነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ጎድጓዳው “ሞላ” የሚባለው የት ሲደርስ ነው? አንዱ ቡድን እስከ ጆሮ አጥንት ጠርዝ አለ፣ ሌላው ከዚያ በላይ። ማስመሪያ ጠርዙ ላይ አጋድመን ተስማማን። እውነተኛው ጣሪያ ግን አጥንት ሳይሆን የተወጠረ ሽፋን ስለሆነ ፕላስቲኩ ላይ የለም። ከትርፍ ሰዓታችን ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በጥር ወር በከተማችን የሚሠሩ አንድ ሐኪም መጥተው የታማሚዎቹ ስም የተፋቀባቸው ምስሎች አሳዩን። ጎድጓዳው ጠባብ ሲሆንና ቀዳዳው ሲጨናነቅ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ እንደ ልቡ መመላለስ ያቅተዋል። ሰው ሲስል ግፊቱ መሄጃ ያጣል፤ የማጅራቱ ሕመም ከዚያ ነው። ፈሳሹ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሲቋጠር ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ ብዙ ጊዜ የሕመምና የሙቀት ስሜት ነው። ሰውየው የጋለ ጀበና ይይዝና መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳውን ሲያይ ነው። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከቀዳዳው ፊት ያለው አጥንት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የራስ ቅሉ ወለል ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ማለትም በጎን ራጅ ላይ የሚለካው የወለሉ ማዕዘን ከ145 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ወይም የሁለተኛው የአንገት አጥንት ጥርስ መሰል ጫፍ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ጫናው የሚያርፈው በአንጎል ግንድ ላይ ነው። ያኔ ምልክቱም ይለያል፦ ምግብ ማነቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ በእንቅልፍ መሐል የትንፋሽ መቋረጥ። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቀውናል፦ እነዚህ ልኬቶች የብዙ ታማሚዎችን አማካይ ከጤነኞች ይለያሉ እንጂ፣ አንድን ሰው ለብቻው ይዘው “አንተ ትታመማለህ፣ አንተ አትታመምም” አይሉም።

ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ነው የመጣው። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የስፌት ሜትር ይዘው የጓደኞቻቸውን ጭንቅላት የሚለኩ የ9ኛ ክፍል ልጆች አገኘሁ። ሜትሩን ወሰድኩ። የጭንቅላት ውጫዊ መጠን የውስጡን ጎድጓዳ አያሳይም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭንቅላት እየለኩ የሰው ጠባይ እናውቃለን ያሉትም አፍረው ቀርተዋል።

ለሚኒ ሚዲያው የመረጥነው ሁለተኛውን የኪያሪ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ አስቀድሞ የሚደረግ ነገር አለና። ይህ የሚመጣው የፅንሱ የጀርባ አጥንት ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ፈሳሹ በጀርባው ክፍተት ስለሚፈስ የኋለኛው ጎድጓዳ አይሰፋም ተብሎ ይታመናል። የግንባሩ አጥንትም በሁለት ጎን ይሰረጉድና ራስ ቅሉ በአልትራሳውንድ ሎሚ ይመስላል፤ ሐኪሞች ይህን ምልክት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቁታል። አንዲት ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ የጀርባ አጥንት ያለመዘጋት አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ክፍተቱ የሚዘጋው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ስለሆነ “ከመፀነስ በፊት” የሚለውን የሚኒ ሚዲያ ልጆች ሦስቴ እንዲደግሙት አድርጌያለሁ።

ለ2018 አዲስ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመርጠዋል። መለኪያ ሲሊንደሩ ተሰንጥቋል፣ የራስ ቅሉ የታችኛው መንጋጋም በሽቦ ነው የታሰረው፤ ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም ያውቃሉ። የሚቀጥለው ሥራ የወለሉን ማዕዘን በፕሮትራክተር መለካት ነው። የድሮ የራስ ራጅ ቤታቸው ያስቀመጡ ወላጆች ስሙን ቆርጠው በልጆቻቸው በኩል ቢልኩልን እንቀበላለን፤ በጎን የተነሣ ቢሆን ይመረጣል።