ሥራህን ለሐኪሙ ንገረው

ጅማ፣ ሰኔ 4

ለውድ ልጄ ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ገብቷል፤ አዌቱ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል፤ አባትህም የሚጠርበው የዋንዛ እንጨት አልደርቅ ብሎት ከሰማዩ ጋር ይነታረካል።

ሰላምታውን በዚህ ላብቃና ወደ ሳልህ ልግባ። በስልክ «ብርድ ነው፣ አዲስ አበባ ይበርዳል» አልከኝ። ብርድ ቢሆን ኖሮ ለፋሲካ እዚህ በቆየህበት ጊዜ ለምን ተወህ? ጅማም እኮ በሚያዝያ ይዘንባል። ሌሊቱን ሙሉ ሳትስል ስትተኛ ሰምቼሃለሁ። ወደ ጋራዡ፣ ወደ መኪና ቀለም ርጭት ሥራህ ከተመለስክ በኋላ ግን እህትህ «ደረቱ እንደገና ያፏጫል» አለችኝ። (አትቆጣት፤ ጠይቄ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ።) ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሴት ነኝ። በሥራ ቀን የሚብስ፣ በበዓል የሚተው ሳል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሥራው ነው።

የላክልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። መኪናው ያምራል፤ እጅህ ይባረክ። አፍንጫህ ላይ ያሰርከው ግን ጨርቅ ነው። ጨርቅ ከቀለም በፊት የምትሞሉትን የስቱኮ ብናኝ ይቀንስ ይሆናል፤ ትነት ግን ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ከማጠንከሪያ ጋር ቀላቅላችሁ የምትረጩት ቀለም ብዙውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ተንኮሉ ምን መሰለህ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቆይና አንድ ቀን ሰውነት ይቆጣዋል። ከዚያ ወዲያ ጓደኛህን ምንም የማያደርገው ጥቂት ትነት አንተን ትንፋሽ ያሳጥርሃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ረጪው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ማታ አልጋው ላይ ነው የሚያፍነው። ሰው ብርድ ነው እያለ ራሱን የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

ቀለም የምታቀጥኑበትን ቲነር ደግሞ ተመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ቶሉይን የሚባል ኬሚካል አለበት። የጎዳና ልጆች በጠርሙስ ይዘው ከሚስቡት ማስቲሽ ውስጥ ያለውም ይኸው ቶሉይን ነው። እነሱን ስናይ ከንፈራችንን እንመጣለን፤ በር ዘግቶ ሲረጭ የሚውለውን ጎበዝ ሠራተኛ እንለዋለን። አንጎል ግን በደመወዝ የገባውን ትነት በሱስ ከገባው ለይቶ አያስተናግድም። ልዩነቱ በመጠኑና በቆይታው ነው። ቶሉይን ስብ ባለበት ይሰፍራል፤ አንጎል ደግሞ ስብ የበዛበት ነው። በብዛት ለዓመታት ሲሳብ የነርቭ መስመሮችን ሽፋን ይጎዳል፤ አካሄድ ያንገዳግዳል፤ የማስታወስ ችሎታን ያደክማል። ጉበት ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል፤ ፋታ ካገኘ ነው ታዲያ። ቅዳሜ ከቀለም ቤት ወጥተህ በቀጥታ ቢራ ስትጠጣ ጉበትህ በአልኮሉ ይያዛል፤ ቶሉይኑ ደም ውስጥ ተራውን እየጠበቀ ይቆያል።

ስለ ጫት ለጅማ ልጅ መስበክ አልፈልግም፤ በርጫ የማይቀመጡበት ሰፈር የት አለና። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን ለተባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ረሃብንና እንቅልፍን ያባርራል። አንተ ደግሞ ሌሊት ለመሥራት ትቅማለህ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ትላለህ፣ ጠዋት ባዶ ሆድህን ቲነር ቤት ትገባለህ። ልብህ፣ ጉበትህና ሳንባህ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ይችላሉ? ቅጠሉም አንዳንዱ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሳይታጠብ ነው የሚመጣው።

ፀረ ተባይ ካልኩ አይቀር፣ ተረኛ ሳለሁ በወሳንሳ ያመጡትን ገበሬ አልረሳውም። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል፤ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ያህል ጠቧል። ያመጡት ሰዎች «ወባ ነው» አሉን። ሐኪሙ «ዛሬ ምን ሲሠራ ዋለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ማሳ ሲረጭ ውሏል። ወዲያው የመርዙን ማርከሻ፣ አትሮፒን ጀመርንለት፤ በሕይወትም ወጣ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፣ ሐኪም ከሚጠይቃቸው ነገሮች ሁሉ ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር መክሮ ነበር። ዛሬም ወረፋው ሲረዝም የሚዘለለው ይኸው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሳትጠየቅ ንገረው።

አባትህንም አልማርኩትም። በእንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ላይ የታየው የአፍንጫ ካንሰር ከእንጨት ብናኝ የመጣ ነው፤ ሥራውን ከጀመሩ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ ነው ብቅ ያለው። ይህን ነግሬ ሰጋቱራውን በደረቁ እንዳይጠርግ፣ ውኃ እንዲረጭበት አስገድጀዋለሁ። «አያቴ ዕድሜ ልኩን በርጩማ ሲጠርብ ኖሮ ነው የሞተው» ይለኛል። በምን እንደሞተ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሲጋራውን እንደተውክ ነግረኸኛል፤ አምኜሃለሁ። ጋራዡ ውስጥ አሮጌ የፍሬን ሸራ በአየር ግፊት የሚያራግፉ ካሉ ግን አጠገባቸው አትቁም። አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ጭረት ሊኖርበት ይችላል፤ በሚያጨስ ሰው ሳንባ ላይ ደግሞ አደጋው ይባዛል።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሂድ። ቀለም ረጪ መሆንህን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በፋሲካ እንደተሻለህ ንገራቸው። ጫቱንና መጠጡንም አትደብቅ፤ እዚያ ማንም አይፈርድብህም። የቀለሙን፣ የማጠንከሪያውንና የቲነሩን ቆርቆሮ ጽሑፍ በስልክህ አንስተህ አሳያቸው፤ ለእኔም ላክልኝ። እስከዚያው ላሜራው ላይ እንድትሠራ አለቃህን ለምነው። የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ለቲነር ይረዳል፤ ለማጠንከሪያው ግን የሚያስተማምነው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባው ነው። ዋጋውን ጠይቅና ጻፍልኝ፤ ከአባትህ ጋር ተመካክረናል።

አጎትህ እሑድ ይመጣል። ቡናና ማር ልኬልሃለሁ፤ ማሩን ለእህትህ አካፍላት።

እናትህ

ይድረስ ካልኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለብርዱ ብለህ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብተህ በር ዘግተህ እንዳትተኛ። ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ብርድ ልብሱን ከማሩ ጋር ልኬዋለሁ።